የማቆሚያው ከረንት ጀልባችንን እየበላው ነው፦ ለጀልባ ማቆሚያው አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በባሕር ዳር የጀልባ ማቆሚያውን ለምታስተዳድሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ክቡራን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ አልጽፍም። እናንተም እኛም እናውቀዋለን፣ ስም የማጥፋት ሐሳብም የለንም። ይህን የምጽፈው ጀልባቸውን በማቆሚያው የሚያሳድሩ ባለንብረቶችንና ነጂዎችን ወክዬ ነው። የኔ ሥራ የጀልባ ሞተር ጥገና ስለሆነ ከታች የምዘረዝረው የተበላሸ ዕቃ አብዛኛው በእጄ ያለፈ ነው።

ደብዳቤውን ያጻፈን ሰሞኑን በሰሌዳችሁ ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ነው። ከውኃ በታች ያለው ብረቱ የተበላ ጀልባ፣ ባለቤቱ በራሱ ወጪ ካላሳደሰው ሰው መጫን አይችልም ይላል። ለመንገደኛው ደኅንነት ከሆነ ማንም አይቃወምም፣ ጀልባው መሐል ሐይቅ ላይ ቢበላሽ አብረን የምንሰጥመው እኛ ነን። የተቃወምነው ከታች የተጻፈችውን ምክንያት ነው። "የባለንብረቱ የጥገና ጉድለት እና ዝገት" ትላለች። ክቡራን፣ ይህ ልክ አይደለም። ብረቱን እየበላው ያለው ከማቆሚያው የሚያፈስ ኤሌክትሪክ ነው። በቃል ነግረናችኋል። በጽሑፍም አስገብተናል፣ ማኅተም ተመትቶበት ገቢ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው የት እንደገባ የሚነግረን ጠፋ። ስለዚህ ነው በአደባባይ የመጣነው።

ነገሩ የሚጀምረው ሁሉም ጀልባ በአዲሱ የብረት ማቆሚያ ይደር ከተባለበት ጊዜ ነው። ድሮ ሁሉም በየለመደበት ያስር ነበር። አንዱ ከዋርካ ሥር፣ አንዱ በድንጋዩ መድረክ፣ ትንንሾቹን ደግሞ ስበን ዳር እናወጣቸዋለን። ለጥበቃና ለሥርዓት ነው ስትሉን እሺ አልን፣ ለማደሪያም እንከፍላለን። ማቆሚያው የብረት ቋሚዎች አሉት። በቋሚዎቹ ላይ በፀሐይ የሚሠሩ መብራቶች አሉ። የመብራቶቹ ባትሪዎች ዳር ላይ በአንድ ሣጥን ተሰብስበው፣ ከዚያ በ24 ቮልት ወደየቋሚው ሽቦ በማቆሚያው ሥር ተዘርግቷል። የባትሪዎቹ ነጌቲቭ ደግሞ ከብረቱ ቋሚ ጋር ታስሯል። ከዚህ ሌላ ባትሪ የምንሞላበት የ220 ቮልት መስመር ከከተማው መጥቶ ሶኬቶች ተገጥመዋል።

ይህ ሁሉ ሽቦ የተዘረጋው በግንቦት ነው። የጣናን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ይህን ብቻ ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል። ግንቦትና ሰኔ ሐይቁ ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ የሚልበት ወቅት ነው። ከዚያ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የክረምቱን ውኃ እያመጡ ይጨምሩበታል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ጫፍ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ከፍታ ከ1 ሜትር ይበልጣል። ተቋራጩ ግን ሽቦውን የዘረጋው ግንቦት ላይ ያየውን ውኃ መሠረት አድርጎ ነው። ዓሣ የሚያጠምድ ልጅ እንኳ ቢጠየቅ "ኧረ እዚህ ድረስ ይመጣል" ብሎ በእጁ ያሳየው ነበር። አልተጠየቀም። መስከረም ሲጠባ ሁለት የሽቦ መቀጠያ ሣጥኖች ውኃ ውስጥ ነበሩ። ሣጥኖቹ ውኃ እንዳይገባባቸው ተደርገው የተሠሩ አይደሉም፣ ውስጣቸው ያለው ቅጥያም በናስትሮ የተጠቀለለ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ሙያው ልግባ፣ ምክንያቱም "ዝገት ነው" የሚለው መልስ የሚፈርሰው በዚህ ነው።

ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ውኃ ውስጥ ሲቀመጡ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። ለምሳሌ አሉሚኒየም የሆነው የሞተሩ እግር (ውኃ ውስጥ የሚገባው የታችኛው ክፍሉ) እና ጀልባውን የሚገፋው የስቴንለስ ፕሮፔለር። ደካማው ብረት ለጠንካራው ሲል ቀስ እያለ ያልቃል። አዲስ ነገር አይደለም። ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት የመርከብ መዳብ እንዳይበላ ዚንክ ወይም ብረት መሥዋዕት አድርጎ መለጠፍ እንደሚቻል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ የሚፈጥረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ቮልት በታች ስለሆነ ጉዳቱ በወራትና በዓመታት የሚታይ ነው። ከውጭ የመጣ ከረንት ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። 24 ቮልት ውኃ ውስጥ ሲያፈስ የሚገፋው ኃይል ብዙ እጥፍ ነው፣ ዓመታት የሚፈጀውን ጉዳት በሳምንታት ይጨርሰዋል። ከረንቱ ከውኃ ወደ ብረት በሚገባበት በኩል ብረቱ ምንም አይሆንም። ከብረቱ ወጥቶ ወደ ውኃ በሚመለስበት በኩል ግን ብረቱን እያሟሟ ይዞት ይሄዳል። ስንት ያሟሟል ካላችሁ፣ 1 አምፒር ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ) ከረንት ዓመቱን ሙሉ ቢወጣ 9 ኪሎ ገደማ ብረት ይወስዳል፣ ከአሉሚኒየም ከሆነ ወደ 3 ኪሎ። 1 አምፒር ተራ የሞባይል ቻርጀር የሚሰጠው ነው። መብራቱን አያደበዝዝም፣ ፊውዝም አያቃጥልም፣ ስለዚህ ማንም ሳያውቀው ሌሊቱን ሙሉ ሲበላ ያድራል።

ከቢሮአችሁ የሰማነው ሌላው መልስ "ጣና ጨው የለውም፣ እንዲህ ያለ ጉዳት የሚደርሰው ባሕር ላይ ነው" የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ጨው የሌለው ውኃ ከባሕር ውኃ በጣም ያነሰ ከረንት ያስተላልፋል። ግን እኮ በዚሁ ምክንያት ከረንቱ በውኃው ከመሄድ ይልቅ መንገዱ ላይ ያገኘውን ብረት ይመርጣል። ከቅጥያው ወጥቶ ወደ ቋሚው ለመመለስ ሲሞክር መሐል ላይ የብረት ጀልባ ቆሞለታል። በአንድ ጎኑ ይገባል፣ በሌላ ጎኑ ይወጣል። በወጣበት ይበላል።

ማስረጃ ካላችሁን ማስረጃው ጀልባዎቹ ራሳቸው ናቸው። ጉዳቱ በሁሉም ላይ አልደረሰም። የባሰባቸው ከሦስተኛው ቋሚ አጠገብ የሚታሰሩት ናቸው፣ አንደኛው የሰመጠ ሣጥን ያለው እዚያ ነው። ወደ ጫፍ ስትሄዱ እየቀነሰ ይሄዳል። የተበላውም በአንድ ወገን ነው፣ ለቋሚው ቅርብ በሆነው። ዝገት ወገን አይመርጥም። ያንኑ ዓይነት ሞተር የሚጠቀሙ፣ በማቆሚያው የማያድሩ የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች አሉ፣ በዚያው ውኃ ውስጥ፣ በዚያው ወራት። የእነሱን እግር አይተናል፣ ደህና ነው። ከራሳችን ጀልባ ሽቦ የመጣ እንዳይሆን ደግሞ የአንዱን ጀልባ ባትሪ ሙሉ በሙሉ ነቅለን ቤት አሳደርነው። ጀልባው ያለ ባትሪ ቆሞም መበላቱን ቀጠለ።

ከዚያ ቴስተር ይዘን ሄድን። አንዱን ጫፍ በቋሚው ብረት፣ ሌላውን ውኃ ውስጥ ባወረድነው ቁራጭ ብረት ላይ አድርገን ለካን። ቀን ላይ ቁጥሩ እዚህ ግባ የማይባል ነው። ሲመሽ መብራቶቹ ሲበሩ ይነሳል። የባትሪ ሣጥኑ ማብሪያ ሲጠፋ ተመልሶ ይወድቃል። (ማብሪያውን ማን እንዳጠፋልን አልናገርም፣ ሥራውን ይፈልገዋል።) ይህን የምለው በምክንያት ነው። ከእናንተ የመጣው ባለሙያ ፎቶ አንስቶ "ዝገት ነው" ብሎ የሄደው በጠራራ ፀሐይ ነው። ወደ መብራቶቹ የሚሄደው ሽቦ ቀን ቀን ከረንት የለበትም። ቴስተርም አልያዘም ነበር።

አሁን የደረሰውን ጉዳት ልናገር።

የመጀመሪያው ወደ ዘጌ መንገደኛና ምዕመናን የሚያመላልስ የብረት ጀልባ ነው። ለኅዳር ጽዮን ሰሞን ሥራ ስለሚበዛ ባለቤቱ አስቀድሞ ይታይልኝ አለ። መሪውን የያዙት ብሎኖች ሲፈቱ ጭንቅላታቸው ደህና ነው፣ ዳዶውም ደህና ነው፣ መሐላቸው ግን ቀጥኖ ሚስማር አክሏል። ከላይ ለሚያይ ሰው ምንም ነገር የለበትም። የተበላው ቦታ ደግሞ የዛገ ብረት ቡናማ ቀለም የለውም፣ ተወልውሎ የጸዳ ይመስላል። የከረንት ጉዳት አንዱ ምልክቱ ይህ ነው። ይህ ጀልባ በዚያ ሳምንት እስከ ጠርዙ ሰው ሊጭን ነበር። ጣና ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚያነሳ ለእናንተ አይነገርም። መሪው በዚያ ሰዓት ከዘጌ መልስ ቢለቅ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ብሎን አይሆንም ነበር። ባለቤቱ ግን ከእናንተ ያገኘው ነገር ቢኖር "አስቀድሞ ማየት ነበረበት" የሚል ነው። አስቀድሞ ያየውማ እሱ ነው!

ሁለተኛው ተደራጅተው በብድር የፋይበር ጀልባ የገዙ ወጣቶች ናቸው። ቱሪስት ወደ ገዳማቱ ይወስዳሉ፣ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ያሳያሉ፣ ከተገኘ ጉማሬም ያስጎበኛሉ። ጀልባው ፋይበር ስለሆነ ምን ይነካዋል ትሉ ይሆናል። የሚበላው ሞተሩ ነው። ባትሪያቸውን ከእናንተ ሶኬት ነው የሚሞሉት፣ ስለዚህ የሞተሩ ብረት በቻርጀሩ ኧርዝ (ለደኅንነት ወደ መሬት በሚወስደው ሽቦ) በኩል ከማቆሚያው ብረት ጋር ይገናኛል። መጀመሪያ የእግሩ ቀለም አብጦ ተነሳ። ሲፋቅ ሥሩ ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ሲጸዳ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ጉድጓድ ዘልቆ የጊር ቤቱ ዘይት ወጣ፣ ውኃ ገባ፣ ጊሩ ተበላሸ። የዚህ ሞተር የታችኛው እግር ባሕር ዳር ውስጥ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፣ አዲስ አበባ ተፈልጎ፣ እዚያም ከጠፋ ከውጭ ታዝዞ ነው የሚመጣ። ልጆቹ ሥራ ፈትተው ዳር ላይ ተቀምጠዋል። ብድሩ ግን አልተቀመጠም፣ በየወሩ ይጠይቃል። በእናንተ ማስታወቂያ መሠረት ደግሞ እነዚህ ልጆች "የጥገና ጉድለት" ያለባቸው ናቸው። ሞተሩ እኮ አዲስ ነው!

ሦስተኛው የእንጨት ጀልባ ነው፣ ሞተሩ ከውስጥ የተገጠመ። ለሞተር ማቀዝቀዣ ከወለሉ በታች ውኃ የሚያስገባ የነሐስ መግጠሚያ አለው። ነሐሱ ቀለሙ ተለውጦ ወደ ሐምራዊነት ያደላ ቀይ ሆኖ አገኘነው። ከውስጡ ዚንኩ ወጥቶ አልቆ መዳቡ ብቻ ባዶ ቀርቷል ማለት ነው። ቅርጹ አለ፣ ጥንካሬው የለም። በእጄ ጠምዘዝ ሳደርገው እንደ ብስኩት ተሰበረ። ያ መግጠሚያ ከውኃ መስመር በታች ነው ያለው። ሐይቅ ላይ ቢሰበር ጀልባው ውስጥ ውኃ የሚገባው በጣት በሚደፈን ቀዳዳ አይደለም።

ሌሎችም አሉ፣ ሁሉን ብዘረዝር አታነቡትም። የፕሮፔለር ሻፍት፣ የሰንሰለት መያዣ፣ የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት። ተመሳሳይ ነው።

ብየዳውን ግን ሳልናገር አላልፍም። በጥቅምት የማቆሚያው የእጅ መደገፊያ ሲሠራ በያጆቹ የማሽኑን ኧርዝ መያዣ ከመጀመሪያው ቋሚ ላይ አስረው፣ እነሱ ሌላው ጫፍ ድረስ እየሄዱ ይበይዱ ነበር። በመሐል ጀልባዎቹ በሰንሰለት ታስረው ቆመዋል። የብየዳ ከረንት 100 አምፒርና ከዚያ በላይ ነው። ያ ከረንት ወደ ማሽኑ ሲመለስ በማቆሚያው ብረት ብቻ አይሄድም። መገጣጠሚያው ዝጎ ወይም ላልቶ ጥሩ መንገድ ካጣ በሰንሰለቱ፣ በጀልባው ብረት፣ በሻፍቱና በኩሽኔታው በኩል መንገድ ይፈልጋል። "እባካችሁ ኧርዙን ከምትበይዱበት አጠገብ እሰሩት፣ ወይ እኛ ጀልባ እስክናወጣ ጠብቁን" አልናቸው። "ሥራችንን አታስተምሩን" አሉን። ተቆጣጣሪ ብንፈልግ አልነበረም። ኧርዙን ሁለት እርምጃ ማቅረብ ምንም ወጪ የለውም።

ከእናንተ ወገን "ዚንክ ግጠሙ" የሚል ምክርም መጥቶ ነበር። ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ከሞተሩ ጋር የሚመጣው መመሪያ የባሕር ሥዕል አለበት። ዚንክ ለጨው ውኃ ነው። ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ ትንሽ ከቆየ ላዩን ሽፋን ይይዝና ሥራውን ያቆማል፣ ያልተበላ ዚንክ ሲያዩ ሰዎች "ደህና ነው" ብለው ይታለላሉ። ለእንደ ጣና ያለ ውኃ የሚሆነው ማግኒዚየም ነው፣ እሱን ደግሞ እዚህ ከተማ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። ቢገኝም እንኳ መሥዋዕት ብረት የሚችለው ያችን ከ1 ቮልት በታች ያለችውን ትንሽ ባትሪ ነው። 24 ቮልት እየፈሰሰበት ማግኒዚየም መለጠፍ ገንዘብን ሐይቅ ውስጥ መወርወር ነው። ምንጩ ሳይዘጋ ሌላው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የብረትና የገንዘብ ነገር ነው። የሚቀጥለውን ግን ሌላውን ብትዘሉ እንኳ እንድታነቡት እንለምናለን።

በማቆሚያው አጠገብ ልጆች ይዋኛሉ። መከልከሉ ተጽፏል፣ ግን ሞቃት ቀን ላይ ማን ይሰማል? ከማቆሚያው ላይ እየዘለሉ ነው የሚገቡት። ልብስ የሚያጥቡ እናቶችም አሉ። አንዱ ጀልባ ነጂ ገመድ ሊፈታ ውኃው ውስጥ ቆሞ ቋሚውን ሲነካ ነዝሮታል። አንድ ልጅም "ውኃው ነዘረኝ" ብሎ እየሮጠ ወጥቷል፣ ጓደኞቹ ሳቁበት። እኛ አልሳቅንም። ይህ ከ24 ቮልቱ ሳይሆን ከ220ው መስመር የመጣ ሳይሆን አይቀርም፣ ሁለተኛው የሰመጠ ሣጥን የእሱ ነውና።

ጨው የሌለው ውኃ እዚህ ላይ ከባሕር ውኃ የከፋ ነው። የሰው ገላ ውስጡ ጨው ስላለው ከጣና ውኃ የተሻለ ከረንት ያስተላልፋል። ባሕር ውስጥ ቢሆን ከረንቱ በአብዛኛው ሰውየውን ዙሮ በውኃው ያልፋል፣ እዚህ ግን በሰውየው ውስጥ ማለፍን ይመርጣል። የሚገድለውም የግድ ልብ አቁሞ አይደለም። ከ10 ሚሊአምፒር ጀምሮ ጡንቻ ይጨመደዳል፣ ዋናተኛ የሆነ ሰው እንኳ እጁንና እግሩን ማዘዝ ያቅተዋል፣ ድምፅ ሳያሰማ ይሰጥማል። ሬሳው ላይ ብዙውን ጊዜ የቃጠሎ ምልክት አይታይም። ሰው "ዋና ሳይችል ገብቶ ነው" ይላል፣ ይቀበራል። ሊያድነው ዘሎ የሚገባውም ያው ይሆናል። በሶኬቶቹ መስመር ላይ ከረንት ሲያፈስ በራሱ የሚቆርጥ፣ የ30 ሚሊአምፒር ብሬከር መኖር ነበረበት። ሣጥኑን ከፍተን አይተናል፣ የለም። ያለው ተራ ብሬከር ነው፣ እሱ የሚቆርጠው ሽቦው እንዳይቃጠል እንጂ ሰው እንዳይሞት አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አሁን ጥር ነው፣ ሐይቁ እየወረደ ነው። የላይኛው ሣጥን ከውኃ ወጥቷል፣ የታችኛው ገና ውስጥ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሁለቱም ደረቅ ይሆናሉ። ያኔ ባለሙያ ልካችሁ "አየነው፣ ደረቅ ነው፣ ችግር የለም" የሚል ሪፖርት እንዳይጻፍ። ክረምት ይመለሳል። በሣጥኖቹ ላይ ውኃው የደረሰበት የጭቃ መስመር አለ፣ ፎቶም አለን፣ ለሚፈልግ እንሰጣለን።

የምንጠይቀው እነሆ፦

መጀመሪያ፣ ዛሬውኑ ሁለቱም መስመሮች፣ የመብራቱም የሶኬቱም፣ ይቋረጡ። ተፈትሸው እስኪያልቁ በባትሪ መብራት እንሠራለን፣ ባትሪያችንንም ቤት ወስደን እንሞላለን፣ ማንም አያማርርም። ከምንም በፊት ይህ ይቅደም፣ ሌላው ስብሰባ ሊጠብቅ ይችላል።

ከዚያ በሽቦው ዝርጋታ እጁ የሌለበት፣ ከተቋራጩም ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥቶ ይፈትሽ። በማታ ይፈትሽ፣ መብራቱ በርቶ፣ እኛ ባለንበት። በቋሚዎቹና በውኃው መካከል ያለውን ልኬት በየቋሚው ይመዝግብ። የኛንም ጀልባዎች አብሮ ይመልከት፣ የራሱ ሽቦ የሚያፈስ ጀልባ ከተገኘ ባለቤቱ በራሱ ወጪ ያስተካክላል፣ ተስማምተናል፣ ፊርማችንም አለ።

ሽቦውና ሣጥኖቹ ከመስከረም ውኃ ከፍታ በላይ ይነሱ። ያ ከፍታ የት እንደሆነ መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግም፣ ጠይቁን እናሳያችኋለን። በ220ው መስመር ላይ የ30 ሚሊአምፒሩ ብሬከር ይግባ። በሶኬቶቹ ኧርዝ ላይ ደግሞ የጀልባዎቹን ብረት ከማቆሚያው ብረት የሚለይ መሣሪያ ይደረግ፣ ጥቃቅኑን ዲሲ የሚያግድ፣ የአደጋውን ከረንት ግን የሚያሳልፍ ዓይነት። ጀልባ ታስሮ ሳለ ብየዳ አይካሄድ፣ የግድ ከሆነም ኧርዙ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር፣ ይህም ለሚቀጥሉት ተቋራጮች በውል ውስጥ ይጻፍ።

ፍተሻው እስኪያልቅ በማቆሚያው ማደር ግዴታ መሆኑ ይቅር፣ በድሮው ቦታችን እንሰር። ለማናድርበት ጊዜም የማደሪያ ክፍያ አይጠየቅ።

በሰሌዳ የተለጠፈው ማስታወቂያ ይነሳ፣ ወይም ቢያንስ "የባለንብረቱ ጉድለት" የሚለው ምክንያት ምርመራ እስኪደረግ ይሰረዝ። የተበላ ብረት ያለው ጀልባ ሰው አይጫን የሚለው ይቆይ፣ እሱን እኛም እንፈልገዋለን። ምርመራው ጉዳቱ ከማቆሚያው መሆኑን ካረጋገጠ ስለ ካሣ ቁጭ ብለን እንነጋገር። የተበላሹትን ዕቃዎች አልጣልናቸውም፣ እያንዳንዱ የየት ጀልባ፣ በየትኛው ቋሚ የታሰረ እንደነበር ተጽፎበት ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል። ብድር ላለባቸው ልጆች ደግሞ ለአበዳሪያቸው የሚሆን አንድ ደብዳቤ አሁኑኑ ጻፉላቸው፣ ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው የሚል። አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ነው። ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ወደ ዘጌ የሚሻገረውን ሕዝብ ታውቁታላችሁ፣ ማቆሚያው ላይ እግር ማሳረፊያ አይኖርም፣ ልጅ አዋቂው ውኃው ዳር ነው የሚውለው። ከዚያ ቀን በፊት መስመሩ መቋረጡንና ፈታሹ የሚመጣበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቁን። እስከዚያ ካልተቋረጠ እኛ በበኩላችን ከማቆሚያው ሰው አንጭንም፣ ጀልባዎቻችንን በድሮው ድንጋይ መድረክ አቁመን እንጭናለን፣ ለመንገደኛውም ምክንያቱን እንነግረዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በማቆሚያው የሚያድሩ ጀልባዎች ባለንብረቶችና ነጂዎች ተወካይ፣ የጀልባ ሞተር መካኒክ
ባሕር ዳር፣ ጥር

ግልባጭ፦ በማቆሚያው ለሚሳፈሩ ደንበኞቻችንና በአካባቢው ልጅ ላላቸው ነዋሪዎች